ፈገግ ያልኩ መስሎኝ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ካሜራ ሲይዝ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ግን ነፍሱ የምትጨነቅ ሰው ነበረ።

አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ፎቶ አንሺ እንዳልሆነ አውቃለሁ። «ሊኑክሴ ሲበላሽብኝ መጀመሪያ የትኛውን ትእዛዝ ልጻፍ?» ነው ያልሽኝ። ከየቴሌግራም ግሩፑ የለቀምሻቸውን ትእዛዞችም በስልክሽ አሳይተሽኛል፤ ጣቴ እስኪደክም ወደ ታች ብጎትት አያልቁም። መልሱን አልነፍግሽም። ግን መጀመሪያ ይህን ሰው ስሚልኝ።

ፎቶ አንሺው በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ነበረው። ሰርግ ያነሣል፣ ክርስትና ያነሣል፣ የተመራቂ ተማሪ ፎቶ ከጀርባው አበባ አስገብቶ ያትማል። የሚሠራበት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። በፊት የነበረው ሲስተም በቫይረስ ፎቶ እየበላ ሲያስለቅሰው አንድ ወዳጁ ሊኑክስ ጫነለትና ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ሳያስቸግር አገለገለው። ስላላስቸገረውም ስለ እሱ ምንም ሳያውቅ ኖረ። አንቺም እኔም እንዲሁ ነን፤ የሚሠራን ነገር ማን ይጠይቀዋል?

በዚያው ከተማ ጋሽ ይርዳው የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ፎቶ የማይወዱ ሰው። ካሜራ ካዩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዘወር ይላሉ። ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ግን ሙሽራዋ ለመነቻቸው፣ ሚስታቸው እትዬ ትርፌም ተቆጧቸው፣ መውጫ አጡና ከልጃቸው ጎን ቆሙ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነጣጥሮ፣ ለሁሉም ሰው እንደሚለው፣ «ፈገግ ይበሉ አባባ» አላቸው። ፊታቸው እንደ ግድግዳ ነው። «ፈገግ ይበሉ እንጂ!» ደገመላቸው። ጋሽ ይርዳው ከልባቸው ተገርመው አዩትና፣

«ፈገግ ያልኩ መስሎኝ!» አሉት።

ሰርገኛው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ምን እንዳሳቀው አልገባቸውም። ፎቶ አንሺው የካሜራውን ቁልፍ ያን ጊዜ ነው የተጫነው።

ሰርጉ ገና ከሰው አፍ ሳይጠፋ ጋሽ ይርዳው ታመው ሞቱ። ያኔ ነው እትዬ ትርፌ ቤታቸውን ገልብጠው ፈልገው የባላቸው ፎቶ እንደሌላቸው ያወቁት። መታወቂያቸው ላይ ያለው እንኳ ፈዞ ፊታቸው ጭስ መስሏል። ወደ ፎቶ ቤቱ መጡና፣ «ልጄ፣ ለአርባው ጉልህ አድርገህ አትምልኝ። ሰው መጥቶ ሲበላ ሲጠጣ እሱ የት እንዳለ ይወቅ። ባዶ ቦታ ላይ እንዳላለቅስ አደራህን» አሉት። ፎቶ አንሺው «እትዬ፣ ይኼማ የኔ ግዴታ ነው» ብሎ ቃል ገባ።

ቃል ገባና ዛሬ ነገ ሲል የአርባው ዋዜማ ደረሰ።

አሁን ልብ በይልኝ። የሰርጉን ፎቶ ያነሣበትን የካሜራ ካርድ ለአንድ ክርስትና ሲል አጥፍቶታል። ፎቶው ያለው ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛ ቦታ አላስቀመጠውም። ሰው ቤቱን ሁለት ቁልፍ አሠርቶ አንዱን ጎረቤት ጋ ያኖራል፤ ይህ ሰው የአንድን ቤተሰብ ሐዘን በአንድ ቁልፍ ዘግቶ ተቀምጦ ነበር። ይህን ስናገር እናደዳለሁ፤ ግን የዛሬው ነገሬ እሱ አይደለም።

በዋዜማው ጠዋት ፎቶውን ከፈተ። ከስሩ ስማቸውንና የተወለዱበትን ዘመን በአማርኛ ሊጽፍ ፈለገ። ኪቦርዱ ሁለት ቋንቋ ተጭኖበታል፤ እንግሊዝኛው ይቀድማል፣ አማርኛው ይከተላል። ስማቸውን ሊጽፍ ሲል በእንግሊዝኛ ይመጣበታል፣ ይቀይራል፣ ሌላ ነገር ከፍቶ ሲመለስ ደግሞ ይጠፋበታል። ተበሳጨ። ወደ ሴቲንግ ገባና አማርኛውን ጎትቶ ከላይ አደረገው። ከታች «በኮምፒውተሩ ሁሉ ይህ ይሁን» የሚል ትርጉም ያለው ቁልፍ አየ፤ እሱንም ተጫነው። «ከእንግዲህ የአገሬ ቋንቋ ይቅደም» ብሎ ደስ አለው። ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ነገሩን ረሳው።

ጥቂት እንደጻፈ መብራት ሄደ።

መብራት ሲሄድ የከተማው ሰው እንደሚያደርገው በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ፣ ጎረቤት ጋ መኖሩን ጠየቀ፣ ጎረቤትም ጋ አለመኖሩን አውቆ ተጽናና። ከቀትር በፊት መብራቱ ተመልሶ መጣ። ኮምፒውተሩን አበራው። የራሱ ስም የተጻፈበት፣ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ስክሪን መጣ። ጻፈ። እንደ ሁልጊዜው የሚጽፈው አይታይም፤ በየፊደሉ ፋንታ ነጥብ ይደረደራል። የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫነ።

«ትክክል አይደለም» አለው።

ቸኩዬ ይሆናል ብሎ ዝግ አድርጎ ጻፈ። ትክክል አይደለም። ፊደል በፊደል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጻፈ። ትክክል አይደለም። ኪቦርዱን ገልብጦ አራገፈው፤ የዳቦ ፍርፋሪ ወደቀ። ትክክል አይደለም። ይህን ቃል ለዓመታት ጽፎታል፤ ራሱ ቢረሳው ጣቱ አይረሳውም። አሁን ግን የጣቱም ነገር አጠራጠረው። ምናልባት ቃሉ ሌላ ነበር? ምናልባት በሕልሜ ነው ይህን ቃል የማውቀው? ሰው በገዛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ማን ነህ?» ሲባል ምን ይላል?

እጅ እግሩ ሲተሳሰርበት ሞባይል የሚጠግነውን ጎረቤቱን ጠራው። ሞባይል ጠጋኙ ደግ ሰው ነው፤ ሥራውን ጥሎ መጣ። ስክሪኑን እንኳ ደህና አድርጎ ሳያይ፣

«መብራት ሲሄድ በርቶ ነበር?» አለው።

«በርቶ ነበር።»

«በቃ! መብራቱ ነው የመታው።»

ፎቶ አንሺው አመነ። እውነት ነዋ፤ መብራት ከመሄዱ በፊት ደህና ነበር፣ ከመጣ በኋላ እምቢ አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የኪቦርዱን ነገር አላነሣም። አልደበቀም፤ ትዝም አላለው። ሰው ታሪኩን ሲናገር ትልቁን ነገር ይናገራል እንጂ ማለዳ የነካካትን ትንሽ ነገር ማን ይቆጥራታል?

ሞባይል ጠጋኙ የሆኑ ቁልፎች አንድ ላይ ቢጫኑ ጥቁር ስክሪን እንደሚመጣ ያውቃል። ተጫነና መጣ፤ ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ፣ ጽሑፍ ብቻ። «እዚህ ሞክር» አለው። ፎቶ አንሺው ስሙንና ያንኑ የይለፍ ቃል ጻፈ።

ገባ!

ዘለለ። ወደ ዋናው ስክሪን ተመልሶ ያንኑ ቃል ጻፈ። ትክክል አይደለም። ወደ ጥቁሩ ሄደ፤ ገባ። ወደ ዋናው ተመለሰ፤ ትክክል አይደለም። ቃሉ ያው፣ ጣቱ ያው፣ ኮምፒውተሩ ያው። በጓሮ በር «እንኳን ደህና መጣህ» የሚለው ቤት በፊት በር «አላውቅህም» ይለዋል። ጭንቅላቱ ዞረ። ሞባይል ጠጋኙም ዞሮበታል፤ እሱ ግን ዞሮብኛል ማለት አይወድም።

«ፓስወርዱ ነው የተበላሸው። እዚህ ጥቁሩ ላይ ቀይረው» አለው።

ፎቶ አንሺው አዲስ ቃል ማሰብ አቃተው። ግራ የተጋባ ሰው አፉ ላይ የኖረውን ነው የሚያነሣ፤ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ የሚለውን «ፈገግ በሉ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጎ የይለፍ ቃሉ አደረገው። ጥቁሩ ስክሪን አዲሱን ቃል ወዲያው ተቀበለ። ዋናው ስክሪን አዲሱንም አላውቅም አለ።

ከዚህ በኋላ ቴሌግራም ገቡ። ፎቶ አንሺው፣ «ወንድሞች፣ ሊኑክሴ አልከፍት አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ» ብሎ ጻፈ። በቃ ይኼን ብቻ። የትኛው ሊኑክስ እንደሆነ አልጻፈም፤ ሊኑክስ ብዙ ዓይነት መሆኑንም አያውቅ። የስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ አልላከም፤ ፎቶ አንሺ ሆኖ! ሰዎቹም አልጠየቁትም፤ መድኃኒት ብቻ ላኩ። አንዱ ይኼን ጻፍ አለ፣ አንዱ የሱን ተወው ይኼን ጻፍ አለ፣ ሌላው ደግሞ ሁለቱንም ሰድቦ የራሱን ላከ። እንደ ሕመም ወሬ ነው፤ ሆዴን አመመኝ ያለ ሰው ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ይሆንበታል።

ፎቶ አንሺው የተላከለትን እያየ ጥቁሩ ላይ ጻፈ። ማሽኑ በየጊዜው መለሰለት። «ይህን ትእዛዝ አላውቀውም» አለው፤ የሌላ ዓይነት ሊኑክስ ትእዛዝ ነበርና። «ኢንተርኔት የለኝም» አለው፤ የስልኩን ኢንተርኔት አላገናኘለትምና። መልሱ እንግሊዝኛ ቢሆንም እንግሊዝኛ ይችላል። ግን አላነበበውም። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው፤ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ይፈልጋል። የሚያናግረው ማሽን ፊቱ ቁጭ ብሎ፣ እሱ የማያውቁትን ሰዎች ይለምናል። እግዜር የጠበቀው፣ ከተላኩለት ትእዛዞች ውስጥ አንዳቸውም አልሠሩም። ቢሠሩ ኖሮ ይህን ታሪክ በሌላ መጨረሻ ነበር የምነግርሽ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሞባይል ጠጋኙ ያን የከተማችንን የመጨረሻ መድኃኒት አወጣ።

«በቃ፣ ፎርማት ይደረግ።»

ይህን ቃል ታውቂዋለሽ፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ኮምፒውተር ቢዘገይ ፎርማት፣ ድምፅ ቢጠፋ ፎርማት፣ ማውሱ ቢሞት እንኳ ፎርማት የሚሉ አሉ።

«ፎቶዎቹስ?» አለ ፎቶ አንሺው።

«ከፎርማት በኋላ በሪከቨሪ እናወጣቸዋለን።»

ቤት አቃጥሎ ዕቃውን ከአመዱ እንፈልጋለን እንደማለት ነው። ሞባይል ጠጋኙ ለፎርማት ባመጣው በዚያው ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነሥተው፣ ምንም ሳያጠፉ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቻል ነበር፤ ይህን አንቺ ዕወቂው፣ አንድ ቀን ይጠቅምሻል። እነሱ ግን አላወቁም። ፎቶ አንሺው «እሺ» አለ። እሺ ያለው አምኖ አይደለም፤ መወሰን ደክሞት ነው።

ፍላሹ ተሰካ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ እትዬ ትርፌ ገቡ።

ጥቁር ለብሰዋል። በብብታቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ባንኮኒው ላይ አኖሩና ገለጡት፤ ፍሬም ነው። ወርቃማ ጠርዝ ያለው፣ ባዶ ፍሬም። «ልኩ ይሆናል አይደል ልጄ? ትልቁን ነው የመረጥኩት» አሉ። ከዚያ የሁለቱን ሰዎች ፊት አዩ።

ፎቶ አንሺው ምን ይበል? «ትንሽ ችግር ገጥሞን ነው እትዬ» አለ።

እትዬ ትርፌ ጠጋ ብለው ስክሪኑን አዩ። «ይኼ ጽሑፍ ምን እያለ ነው?»

ሊነግራቸው ሲል ነው ማንበብ የነበረበት። በዚያን ቀን አንድ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ሲያነብ ይህ መጀመሪያው ነበር። «ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይቀጥል ወይ ነው የሚለው» አላቸው።

«እሱም እዚያ ውስጥ ነው?»

ሞባይል ጠጋኙ «ግድ የለም እትዬ፣ በኋላ እናወጣቸዋለን» አለ። እሳቸው ግን የጠየቁት ፎቶ አንሺውን ነበር፤ ዓይናቸውን ከሱ ላይ አላነሡም። ፎቶ አንሺው እጁ ማውሱ ላይ ነው። አንድ መጫን ብቻ ቀርቶታል።

«እዚያ ውስጥ ናቸው» አለ።

እትዬ ትርፌ ባዶውን ፍሬም በጋዜጣው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። «ስንት ዘመን ለምኜዋለሁ፣ አንድ ፎቶ ተነሣ ብዬ። ያን ቀን አንተ ነህ እሺ ያሰኘኸው። ያም ሆኖ አልስቅ አለና አዋረደን…»

«ፈገግ ያልኩ መስሎኝ» አለ ፎቶ አንሺው፣ ሳያስበው።

እትዬ ትርፌ በእንባቸው መሃል ሳቅ አመለጣቸው። ፎቶ አንሺው ግን አልሳቀም። እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ። ያ ቀን መጣበት፤ የጋሽ ይርዳው የተገረመ ፊት፣ የሰርገኛው ሳቅ። ሰውዬው አልዋሹም ነበር። ከልባቸው ፈገግ ብለዋል። ግን ፊታቸውን አያዩትማ! ከውስጥ የላኩት ፈገግታ ውጭ ሲደርስ ምን እንደሆነ የሚያየው ሌላው ነው። እሳቸው የሚያውቁት የላኩትን ብቻ ነው።

እኔስ? አለ በልቡ። ቀኑን ሙሉ ቃል እየላክኩ ነው የዋልኩት። የላኩትን አውቃለሁ። የደረሰውን አይቼዋለሁ? ያየሁት ነጥብ ነው። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ።

«ቆይ» አለ። ፍላሹን ነቀለው።

«ኧረ ምን ነካህ?» አለ ሞባይል ጠጋኙ።

ፎቶ አንሺው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። የለመደው የመግቢያ ስክሪን መጣ። ከስሙ ስር «ስሜ እዚህ የለም» የሚል መስመር ነበር፤ ተጫነው። ስም የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ተከፈተ። ስም ደግሞ ምስጢር አይደለምና ሲጻፍ ይታያል። ፎቶ አንሺው የይለፍ ቃሉን እዚያ ሊጽፈው ጣቱን አዘጋጀ።

«ፓስወርድህን በሰው ፊት?» ሞባይል ጠጋኙ ጮኸ።

«ይታይ! እኔም ልየው!» አለና ጻፈ።

ስክሪኑ ላይ አንድም የእንግሊዝኛ ፊደል አልመጣም። ፍ፣ እ፣ ግ፣ እ፣ ግ… የአማርኛ ፊደል ነው፤ ያውም ያልተገጣጠመ፣ እንደ ፈሰሰ ሽምብራ የተበታተነ። እትዬ ትርፌ መነጽራቸውን አስተካክለው ለማንበብ ሞከሩ። «ፍእግ… እግ… ምንድነው ይኼ ልጄ? ታመሃል እንዴ?»

ፎቶ አንሺው ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ። እዚያ «አማ» የምትል ትንሽዬ ጽሑፍ አለች። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበረች። ስንት ጊዜ አይቷታል! ማለዳ ላይ አማርኛውን ጎትቶ ከላይ ያደረገበት፣ «በኮምፒውተሩ ሁሉ ይሁን» ብሎ የተጫነበት እጅ ትዝ አለው፤ የራሱ እጅ። ኮምፒውተሩ ታዟል፣ ታዞም አደረገ። በመግቢያውም ላይ አማርኛን አስቀደመ። ጥቁሩ ስክሪን ደግሞ አማርኛ መጻፍ ስለማይችል በእንግሊዝኛው ቀረና ቃሉን ተቀበለ። ማንም አልታመመም። መብራቱም ማንንም አልመታም።

«አማ» የምትለውን ጽሑፍ ተጫናት፤ ወደ እንግሊዝኛ ተለወጠች። ወደ ስሙ ተመለሰና የይለፍ ቃሉን ጻፈ። ነጥቦቹ ተደረደሩ።

ገባ።

ሞባይል ጠጋኙ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ እንደ ልጅ ሳቀ፣ ፍላሹን ኪሱ ከተተና፣ «እኔ ደግሞ ያልሞተውን ልቀብርልህ ነበር» አለ። ይህን ማለት ትልቅነት ነው፤ ብዙ ሰው አይለውም።

ፎቶ አንሺው ፎቶውን ከፈተ። ሙሽራዋን ቆርጦ አስቀርቶ አባትዬውን ብቻ ወሰደ፣ አጎላ፣ አተመ። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ እየተንፏቀቀ ሲወጣ ግንባራቸው መጣ፣ ዓይናቸው መጣ፣ ከዚያ አፋቸው። ፊታቸው እንደ ግድግዳ ነው። ፎቶ አንሺው አፈረ። «ይቅርታ እትዬ፣ ያን ቀን ትንሽ ብጠብቅ ይስቁ ነበር» አለ።

እትዬ ትርፌ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ረጅም ጊዜ አዩት። ጣታቸውን በባላቸው ዓይን ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ቀጭን መስመር ባለችበት ቦታ አሳረፉ።

«ምን ትላለህ አንተ፣ ስቋል እንጂ!» አሉ። «እኔ የማውቀው ሳቁ ይኼ ነው። ይቺ እዚህ ጋ ያለችውን አታያትም? ስትስቅ ነው የምትመጣ።» ወረቀቱን ፍሬሙ ውስጥ አስገብተው፣ በጋዜጣው ጠቅልለው፣ በብብታቸው ይዘው ወጡ። በማግስቱ ያለቀሱት ባዶ ቦታ ላይ አልነበረም።

እንግዲህ ወዳንቺ ልመለስ።

መጀመሪያ የትኛውን ትእዛዝ ልጻፍ ብለሽኛል። ይህ ሰው ትእዛዝ አልጎደለውም፤ ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ ነው የዋለው። የጎደለው የሚጽፈውን ማየት ነው። አንድ ጊዜ፣ በሚታይበት ቦታ ጽፎ ቢያየው ጠዋቱኑ ባለቀ ነበር። ማለዳ የነካኋት ነገር ምን ነበረች ብሎ ራሱን ቢጠይቅም ባለቀ ነበር። ወደ ማሽኑ ያስገባውን ነገር ሳያይ ማሽኑን በሽተኛ አደረገው፤ በሽተኛ ካደረገው በኋላ ደግሞ የሚቀረው መቅበር ብቻ ሆነ።

አንቺም ጋሽ ይርዳው ነሽ። ከልብሽ ፈገግ ትያለሽ፣ ማሽኑ ፊት ግን ግድግዳ ይደርሳል። ከዚያ «እንደዚህ ብዬው እምቢ አለኝ» ብለሽ ትቆጫለሽ። እንደዚህ አላልሽውም። እንደዚህ ያልሽው መስሎሽ ነው። በመሰለሽና በሆነው መሃል ያለውን ነገር ደግሞ በቴሌግራም ያለ ሰው አያይልሽም፤ እሱ ካንቺ በላይ ሩቅ ነው። አንቺ ነሽ ስክሪኑ ፊት ያለሽው። ስለዚህ አንድ ነገር ስትቀይሪ አንድ ብቻ ቀይሪ፣ የቀየርሽውንም አትርሺ። ሲናገርሽ አንብቢ። ሳታነቢ የምትጽፊው ትእዛዝ ሁሉ ዓይን ጨፍኖ መንገድ መሻገር ነው፤ አንዳንዴ ይሻገራሉ፣ እውነት ነው።

አሁን የሰበሰብሽውን አጥፊ አልልሽም፣ ስልክሽን ግን ቦርሳሽ ውስጥ አስገቢው። ንገሪኝ፤ ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ የነካሽው ምንድነው? ሲበላሽስ ምን አለሽ? የገባሽን አይደለም የጠየቅኩሽ፤ ማሽኑ ያለውን፣ በራሱ ቃል።

አየሽ? አላነበብሽውም።

ተነሺ፣ ኮምፒውተርሽን አብሪው። ሲናገርም አታቋርጪው።